የመርፌ ጫፍ ላይ ያለ የኤሌክትሪክ መስክ፦ የምታምኑትን ቁጥር እንዴት ታወጣላችሁ?

ሲሙሌሽኑን ሠራችሁ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ ታየ፤ ከጎኑ 900 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ይላል። ጥሩ። ግን ይሄ ቁጥር የማን ነው? የኢንሱሌሽኑ ነው ወይስ የሜሻችሁ (ሶፍትዌሩ ለስሌት ቦታውን የሚከፋፍልበት የትንንሽ ቁርጥራጮች መረብ)?

ሹል ኤሌክትሮድ ላይ ይህን ሳያጣሩ ሪፖርት መጻፍ በጣም የተለመደ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ሹል ጫፍ ላይ ሶፍትዌሩ የፈለጋችሁትን ቁጥር ያወጣላችኋል። ሜሹን ስታደቁት ቁጥሩ ይወጣል፣ ስታሳድጉት ይወርዳል። ስህተት አለ የሚል መልእክት ግን አይመጣም፤ ሥዕሉም ሁሌ ያምራል።

ነገሩ የላብራቶሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል የሚቀጥል ቴክኒሻን የውጩን ሴሚኮንዳክቲቭ ሽፋን ሲቆርጥ ቢላዋው ትንሽ ጠልቆ ኢንሱሌሽኑን ከጫረው፣ ወይም የሽፋኑ ጠርዝ ሾሎ ከቀረ፣ መስኩ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ኬብሉ ዛሬ ይሠራል፣ ነገም ይሠራል። በጊዜ ብዛት ግን ከዚያች ነጥብ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ቀጭን ቃጠሎ ይበቅላል፤ ባለሙያዎቹ የኤሌክትሪክ ዛፍ ይሉታል። ዛፉ ወዲያኛው ጎን የደረሰ ቀን ኬብሉ አለቀለት። ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ለማጥናት የብረት መርፌ ኢንሱሌሽን ውስጥ ይቀበራል፣ ከፊት ለፊቱ ዝርግ ኤሌክትሮድ ይደረጋል። እኛም የምንሠራው ይሄንኑ ነው።

ምሳሌያችን እንዲህ ይሁን። ማቴሪያሉ የኬብል ፕላስቲክ፣ ማለትም ኤክስ.ኤል.ፒ.ኢ.። የመርፌው ጫፍ ክብነት 5 ማይክሮሜትር ራዲየስ። ከጫፉ እስከ ዝርጉ 2 ሚሊሜትር። ቮልቴጁ 10 ኪሎ ቮልት፣ ፒክ (ሞገዱ የሚደርስበት ከፍተኛው ዋጋ)።

«ፒክ» የሚለውን አደራ። ኤሲ ላይ ሰው የሚጠራው ቁጥር አር.ኤም.ኤስ. (ከፒኩ ዝቅ የሚለው ውጤታማ ዋጋ) ነው፣ ሦስት ፌዝ ከሆነ ደግሞ በፌዝና በፌዝ መካከል ያለው ነው። የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል ኢንሱሌሽን የሚሸከመው ከፌዝ እስከ መሬት ያለውን 8.66 ኪሎ ቮልት ነው፤ ፒኩ 12.25 ይሆናል። ሞዴላችሁ ውስጥ ዝም ብላችሁ 15 ካስገባችሁ ገና ከመነሻው ተሳስታችኋል።

መጀመሪያ በወረቀት

ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ መልሱ በግምት ስንት እንደሆነ እወቁ። ለመርፌና ለዝርግ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1955 የተጠቀመበት ቀመር አለ፣ እስካሁንም ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነው፦

የጫፍ መስክ = 2 × ቮልቴጅ ÷ [ራዲየስ × ሎግ(1 + 4 × ርቀት ÷ ራዲየስ)]

ሎጉ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው፣ የ10 ቤዙ አይደለም። ቁጥሮቻችንን እናስገባ። 4 × 2000 ÷ 5 ማለት 1600 ነው። የ1601 ሎግ 7.38 ገደማ። ስለዚህ 20,000 ቮልት ለ36.9 ማይክሮሜትር ሲካፈል 542 ቮልት በማይክሮሜትር ይወጣል። ቮልት በማይክሮሜትር እና ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር አንድ ናቸው፣ ስለዚህ 542 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር አገኘን። አማካዩ (10 ኪሎ ቮልት ለ2 ሚሊሜትር) 5 ብቻ ነበር። ጫፉ መስኩን ከ100 እጥፍ በላይ አሳድጎታል ማለት ነው።

አሁን ቀመሩን ትንሽ አንገላቱት፣ ብዙ ያስተምራል። ራዲየሱን 3 ማይክሮሜትር ብታደርጉት 845 ይወጣል። 10 ብታደርጉት 299። ርቀቱን ግን ከ2 ወደ 4 ሚሊሜትር እጥፍ ብታደርጉት ከ542 ወደ 496 ብቻ ነው የሚወርደው። አያችሁ? ርቀቱ ሎጉ ውስጥ ስለተደበቀ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ሁሉንም የሚወስነው ራዲየሱ ነው። ስለዚህ መርፌውን በማይክሮስኮፕ ሳትለኩ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ራዲየስ ብቻ ይዛችሁ ሦስት አሃዝ ያለው መልስ ብታወጡ ያ ትክክለኛነት ከየትም አልመጣም።

ሥዕሉ

ነፃ ፕሮግራም ለሚፈልግ ፌም (FEMM) በቂ ነው። ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ቀላል ነው፣ በሉአ ስክሪፕትም ይታዘዛል። ሌላ የለመዳችሁት ካለ (ኤልመር፣ ጂሜሽ ከጌትዲፒ ጋር፣ ኮምሶል) አሠራሩ ያው ነው።

አዲስ የኤሌክትሮስታቲክስ ፕሮብሌም ክፈቱ፣ ዓይነቱን አክሲሲሜትሪክ (ሥዕሉ በመሃል ዘንግ ዙሪያ እንደሚዞር የሚቆጠርበት) አድርጉት። ይህቺን አትለፏት። ፕላናር (ሥዕሉ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ እንደሚረዝም የሚቆጠርበት) ላይ ከተዋችሁት የሳላችሁት መርፌ ሳይሆን ረጅም የምላጭ ስለት ነው፤ መስኩም በጣም ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ሥዕሉ ግን ቁርጥ መርፌ ይመስላል። መለኪያውን ማይክሮን አድርጉ።

ግማሹን ብቻ ነው የምትስሉት፣ ዘንጉ ራሱ ሌላኛውን ግማሽ ይተካል። ዝርጉ ከታች ዜሮ ከፍታ ላይ ይሁን። የመርፌው ጫፍ ዘንጉ ላይ በ2000 ከፍታ። አሁን ጫፉን አክብቡት። ሁለት መስመር አጋጥማችሁ ሹል ነጥብ አትተዉ! ፍጹም ሹል ነጥብ ላይ መስኩ በሒሳብ ማለቂያ የለውም፤ ማለቂያ የሌለውን ነገር ደግሞ ሜሽ አያሰላውም።

የእውነተኛ መርፌ ኮን ሙሉ አንግሉ 30 ዲግሪ ነው እንበል፣ ግማሹ 15። ክቡና ኮኑ ያለ ምንም ስብራት መገናኘት አለባቸው፣ አለዚያ መገናኛው ራሱ አዲስ ሹል ይሆናል። መገናኛ ነጥቡ ከዘንጉ በራዲየስ × ኮሳይን 15 ርቀት ላይ ነው፣ 4.83። ከፍታው ደግሞ 2000 + 5 − 5 × ሳይን 15፣ ማለትም 2003.71። ከጫፉ ነጥብ ተነስታችሁ ወደዚህ ነጥብ 75 ዲግሪ አርክ ስሩ። ከዚያ ቀጥ ያለ መስመር እስከ 500 ስፋትና 3852 ከፍታ፤ የ1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለው የመርፌው አካል የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ላይ እስከ 20,000። የመርፌውን ሆድ መሙላት አያስፈልግም። ብረት ውስጥ መስክ የለም፣ ቆዳው ብቻ ይበቃል።

ፌም ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። አርኩን ስትስሉ ክብ ይመስላል እንጂ ውስጡ የቀጥታ መስመሮች ቁርጥራጭ ነው። የእያንዳንዱን ቁራጭ ዲግሪ እናንተ ናችሁ የምትሰጡት። 10 ብትሉት መርፌያችሁ ብዙ ጥግ ያለው ብረት ይሆናል፣ እያንዳንዱ ጥግም የራሱን ትንሽ ቀይ ነጥብ ያወጣል። 1 ዲግሪ አድርጉት።

ድንበርና ማቴሪያል

መርፌው ላይ ቋሚ ቮልቴጅ 10,000፣ ዝርጉ ላይ 0። በጎንና በላይ ያለው የሳጥኑ ግድግዳ ላይ ምንም አትስጡ፤ ያኔ መስኩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይሄዳል፣ ለእኛ ይስማማል። ግድግዳው ሩቅ መሆን ግን አለበት። ለ2 ሚሊሜትር ክፍተት 20 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው። በቂ መሆኑን ለማወቅ 40 አድርጋችሁ ደግማችሁ አስሉ፤ የጫፉ ቁጥር ንቅንቅ ካላለ በቂ ነበር ማለት ነው።

የኤክስ.ኤል.ፒ.ኢ. ሬላቲቭ ፐርሚቲቪቲ (ከባዶ ቦታ አንጻር በመስክ ውስጥ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) 2.3 ነው። አስገቡት፣ ግን አንድ ማቴሪያል ብቻ እስካለ ድረስ መልሱን እንደማይቀይረው እወቁ። 2.3ን በ4 ብትተኩት ቻርጁ ይለወጣል እንጂ መስኩ ያው 500 ምናምን ነው። ፐርሚቲቪቲ ወሳኝ የሚሆነው ሁለተኛ ማቴሪያል ሲመጣ ነው፣ በተለይ አየር ሲገባ።

አየር ደግሞ ይገባል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ከመርፌው ቆዳ በጣም በቀጭኑ ይላቀቃል። መስኩ በዚያ ስስ አየር ውስጥ ወደ 2.3 እጥፍ ይጠጋል። አረፋው ክብ ከሆነና ከጫፉ ራቅ ካለ 1.23 እጥፍ ብቻ ነው። መስኩን ተከትሎ የተዘረጋ ቀጭን ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ምንም ጭማሪ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «አረፋ አለ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ቅርጹንና አቅጣጫውን ሳሉ። አረፋው ውስጥ ዲስቻርጅ (የአየር ውስጥ ብልጭታ) ይነሳል ወይ ለማለትም መስኩን ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ግድግዳው እስከ ሌላው ያለውን ቮልቴጅ አንብቡ፤ ጋዝ ዲስቻርጅ የሚጀምርበትን ቮልቴጅ በሚሰጠው በፓሸን ሕግ መሠረት አየር ከ327 ቮልት ገደማ በታች ዲስቻርጅ አይጀምርም። ለጥቂት ማይክሮሜትር ጠባብ ክፍተት ሕጉ እንደማይሠራ ግን አትርሱ።

ሜሹ፣ ዋናው ሥራ

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

ችግሩ የመጠን ልዩነት ነው። ጫፉ 5 ማይክሮሜትር፣ ሳጥኑ 20,000። ሁሉንም ቦታ በእኩል ብታደቁት ኮምፒውተሩ ያብዳል፣ ሁሉንም ብታሰፉት ጫፉ ይጠፋል። ስለዚህ ጫፉን ከቦ የ20 ማይክሮሜትር ረዳት ቅስት ስሩ፣ ከእሱ ውጭ ደግሞ የ200። ሁሉም ማቴሪያላቸው አንድ ነው፣ ልዩነታቸው የሜሽ መጠን ብቻ። የውስጠኛው 0.5 ማይክሮሜትር (የራዲየሱ አንድ አሥረኛ)፣ የመካከለኛው 5፣ የውጩን ለፕሮግራሙ ተዉለት። ቀስ ብሎ እያደገ ይሂድ፤ ከደቃቅ ሦስት ማዕዘን ጎን ድንገት ግዙፍ ሲመጣ መልሱ ይበላሻል።

ፌም የሚጠቀመው አንደኛ ደረጃ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በአንድ ሦስት ማዕዘን ውስጥ መስኩ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን የሚሰጣችሁ ስለዚህ የጫፉን መስክ ሳይሆን በዚያች ቁራጭ ውስጥ ያለውን አማካይ ነው። መስኩ ከጫፉ በፍጥነት ስለሚወድቅ አማካዩ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። የማሳያው ማለስለሻ ይህን በከፊል ይደብቃል፤ እስቲ ስታጣሩ አጥፉትና ጥሬውን እዩ።

ቀጥሎ ያለውን ፈተና ሳትሠሩ ማንኛውንም ቁጥር አትጻፉ። የጫፉን ሜሽ 2 ማይክሮሜትር አድርጋችሁ አስሉ። ከዚያ 1። ከዚያ 0.5። ከዚያ 0.25። በእያንዳንዱ የአርኩን ዲግሪ በልኩ አብራችሁ ቀይሩት፤ የ5 ማይክሮሜትር ክብ ላይ 1 ዲግሪ ማለት 0.09 ማይክሮሜትር ስለሆነ አርኩ ራሱ ሜሹን ሊያደቅባችሁና ፈተናውን ሊያበላሽባችሁ ይችላል። ትልቁን መስክ በሠንጠረዥ ያዙ። ለውጡ በየእርምጃው እያነሰ ሄዶ ከ1 በመቶ በታች ከወረደ ደረሳችሁ።

ካልወረደስ? ያኔ የመጨመሩ መጠን ራሱ ሚስጥሩን ይነግራችኋል። ሜሹን በግማሽ ባሳነሳችሁ ቁጥር መስኩ 26 በመቶ ገደማ ከዘለለ፣ የሆነ ቦታ ያልተከበበ የ90 ዲግሪ የብረት ጥግ አለ። 41 በመቶ ገደማ ከሆነ ውፍረት የሌለው ስለት ነው የሳላችሁት፣ ለምሳሌ ኤሌክትሮዱን በአንድ መስመር ብቻ። እነዚህ ቁጥሮች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ከ90 ዲግሪ የብረት ጥግ አጠገብ መስኩ ከርቀቱ ኩብ ሩት ጋር በተቃራኒ ይሄዳል፣ ከስለት አጠገብ ደግሞ ከስኩዌር ሩቱ ጋር። እንደዚህ ዓይነት ጥግ ላይ «ትልቁ መስክ» የሚባል ነገር የለም። ወይ በተለካ ራዲየስ አክብቡት፣ ወይ ደግሞ ከጥጉ በተወሰነ ርቀት፣ ለምሳሌ 10 ማይክሮሜትር ላይ ያለውን መስክ ሪፖርት አድርጉ። የቆረጣችሁት የኬብል ሽፋን ጠርዝ ላይ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፤ እዚያ ትክክለኛውን ራዲየስ የሚያውቅ ሰው የለማ።

መልሱ በሚታወቅ ነገር ፈትኑት

ሜሹ መረጋጋቱ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። የተሳሳተ ነገርም ይረጋጋል። ደግነቱ ለሃይፐርቦላ መርፌ ሙሉ የሒሳብ መልስ አለ። የመርፌውን ቆዳ በዚህ ሳሉት፦

ከፍታ = ርቀት × √(1 + ስፋት² ÷ (ራዲየስ × ርቀት))

ስፋት ከዘንጉ ያለው ርቀት ነው። በእጅ አትሳሉት፣ አጭር የሉአ ዙር ጻፉለት፤ ጫፉ አካባቢ ነጥቦቹ በ0.1 ማይክሮሜትር ይቀራረቡ፣ ከዚያ ወዲያ እየራቁ ይሂዱ። ለእኛ ቁጥሮች ትክክለኛው መልስ ዘንጉ ላይ እንዲህ ነው፦ ጫፉ ላይ 543፣ ከጫፉ 5 ማይክሮሜትር ዝቅ ብሎ 181፣ 50 ማይክሮሜትር ላይ 26፣ ዝርጉ ላይ 1.35 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር። ፌም በቮልት በሜትር ስለሚሰጣችሁ ጫፉ ላይ 5.43 × 10⁸ ጠብቁ። አራቱም ከ1 ወይም 2 በመቶ በማይበልጥ ልዩነት ከገጠሙ ድንበሩም፣ መለኪያውም፣ ሜሹም ደህና ነው። ጫፉ ገጥሞ ዝርጉ ካልገጠመ ግድግዳው ቀርቧል። ዝርጉ ገጥሞ ጫፉ ዝቅ ካለ ሜሹ አልደቀቀም። ሁሉም በአንድ መጠን ከተዛባ ቮልቴጁን ወይም መለኪያውን እዩ።

ከዚህ በኋላ ወደ ባለ ኮኑ መርፌ ስትመለሱ ቁጥሩ ከ543 ዝቅ ቢል አትደንግጡ። የኛ ሃይፐርቦላ ሙሉ አንግሉ ከ6 ዲግሪ አይበልጥም፣ የእውነቱ መርፌ ግን 30 ነው። ወፍራም ኮን ጫፉን በከፊል ይከልለዋል። ያ ልዩነት ስህተት አይደለም፤ ሲሙሌሽን የሠራችሁት እኮ ቀመሩ የማያየውን ይህን ለማወቅ ነው።

ውጤቱን ስታነቡ

የቀለም ሥዕሉን ለስላይድ ተዉት። ከጫፉ እስከ ዝርጉ በዘንጉ ላይ መስመር አስምሩ፣ መስኩን ከርቀት ጋር በሎግ ስኬል ሳሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይታያል፦ ከጫፉ አንድ ራዲየስ ብቻ ስትርቁ መስኩ አንድ ሦስተኛ ሆኗል። አደጋው ያለው በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ መስኩ ስንት ደረሰ ከሚለው በተጨማሪ መስኩ ከዚህ መጠን በላይ የሆነበት ቦታ ጥልቀቱ ስንት ማይክሮሜትር ነው የሚለውን አውጡ። እኔ እንደውም ይሄኛው ይበልጥ ይጠቅማል እላለሁ። የራዲየስ ስህተት የጫፉን ቁጥር ክፉኛ ያናውጠዋል፣ ራቅ ያለውን ግን ብዙም አይነካውም።

ሒሳቡ የማያየው ነገር

እስካሁን የፈታነው የላፕላስን እኩልታ ነው፤ ኢንሱሌሽኑ ውስጥ ምንም ቻርጅ የለም ብለን። 543 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ላይ ግን ይህ አይሆንም። በዚህ መስክ ብረቱ ቻርጅ ወደ ፕላስቲኩ ያስገባል፣ የገባውም እዚያው ተይዞ ጫፉን ይሸፍናል፣ መስኩም ይወርዳል። ዜለርና ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት ሐሳብ ለጀማሪ ምቹ ነው፦ መስኩ ከአንድ ጣሪያ በላይ እንዳያልፍ ስፔስ ቻርጁ (ፕላስቲኩ ውስጥ የተያዘው ቻርጅ) ራሱ ይገድበዋል። ስለዚህ የላፕላስ ቁጥራችሁን እንደ ጣሪያና እንደ ማወዳደሪያ ያዙት። አንዱን መርፌ ከሌላው ለማነጻጸር በጣም ጥሩ ነው። «ኢንሱሌሽኑ ውስጥ ያለው መስክ 543 ነው» ብሎ ለመጻፍ ግን አይሆንም። አንድ መጠንቀቂያ፦ ኤሲ ላይ ፖላሪቲው ሲገለበጥ፣ የተያዘው ቻርጅ ገና ሳይወጣ መስኩን መልሶ ሊጨምረው ይችላል።

ዲሲ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ይቀየራል። ቮልቴጁ በተሰጠበት ቅጽበት ፐርሚቲቪቲ ይገዛል፣ ቆይቶ ኮንዳክቲቪቲ (ማቴሪያሉ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ)። የመሸጋገሪያው ጊዜ ፐርሚቲቪቲ ለኮንዳክቲቪቲ ሲካፈል ነው። ኮንዳክቲቪቲው 10⁻¹⁵ ሲመንስ በሜትር የሆነ ኤክስ.ኤል.ፒ.ኢ. ላይ ወደ 20,000 ሰከንድ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። 10⁻¹⁶ ከሆነ ከሁለት ቀን በላይ። ስለዚህ ለአሥር ደቂቃ ለሚቆይ የዲሲ ሙከራ ኮንዳክቲቪቲን ብቻ መጠቀም ስህተት ነው፣ ለዓመታት ለሚሠራ ኬብል ፐርሚቲቪቲን ብቻ መጠቀምም እንዲሁ። ኮንዳክቲቪቲው በሙቀትም በመስክም ይጨምራል፤ ጫፉ አካባቢ ይህ ትልቅ ልዩነት ስለሚያመጣ ቋሚ ቁጥር አታስገቡ። መስክን ተከትሎ የሚቀየር ኮንዳክቲቪቲ ለማስገባት ኤልመር ወይም ኮምሶል ይሻላል።

ስትጨርሱ ሪፖርቱ ላይ የጫፉን ቁጥር ብቻውን አትጣሉት። ከጎኑ የተለካውን ራዲየስና እንዴት እንደተለካ፣ ርቀቱን፣ ቮልቴጁ ፒክ መሆኑን፣ የጫፉን የሜሽ መጠን፣ ሜሹ በግማሽ ሲያንስ የመጣውን ለውጥ በመቶኛ፣ የሃይፐርቦላውን ፈተና ውጤት ጻፉ። ስክሪፕቱ ውስጥ ራዲየሱን በቁጥር ሳይሆን በስም አስቀምጡት። ነገ አንድ ሰው መርፌውን ለክቶ «5 ሳይሆን 7 ነው» ሲላችሁ አንድ መስመር ቀይራችሁ እዚያው ታስኬዱታላችሁ።